አዮዲን ከጨው ዕቃዎ በኖ እንዳይጠፋ

ከምድጃው አጠገብ ክፍቱን ያስቀመጡትን የጨው ዕቃ እስኪ አንድ ጊዜ መለስ ብለው ይመልከቱት።

እንደሚታወቀው ብረት፣ መዳብና አሉሚኒየም ሲቀጠቀጡ ይለጠጣሉ፤ ሙቀትንም ፈጥነው ያስተላልፋሉ። ድስት የሚሠራባቸውም ስለዚህ ነው። በሁለቱ ወገን መካከል የቆሙም አሉ፤ በሶላር መብራት ውስጥ ያለው ሲሊከን ከነዚህ አንዱ ነው። አዮዲን ግን ከብረታ ብረት ወገን አይደለም። ጥቁር ግራጫ መልኩ እንደ ብረት ስለሚያብለጨልጭ ያሳስታል እንጂ ቢመቱት ይደቅቃል። ከሁሉ የሚገርመው፣ ጠጣሩ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ሐምራዊ ጋዝ ተለውጦ መብነኑ ነው። እ.አ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው በርናርድ ኩርትዋ ከባሕር አረም አመድ ያገኘውም ይህንኑ ሐምራዊ ጢስ አይቶ ነበር።

«ይህ ለወጥ ቤቴ ምን ይፈይዳል?» ይሉ ይሆናል። በተለይ እንደ እንጅባራና ዳንግላ ባለ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታና ብርቱ ዝናብ ባለው አገር የሚኖሩ ከሆነ ብዙ ይፈይዳል። ዝናብ በዘመናት ብዛት አዮዲኑን ከደጋ አፈር አጥቦ ይወስዳል። አፈሩ ያጣውን ደግሞ ድንቹም ገብሱም ያጣሉ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በሽታው በአገራችን ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ይመሰክራል። ሆኖም እንቅርቱ በዓይን የሚታየው ጉዳት ብቻ ነው። የከፋው አይታይም፤ ነፍሰ ጡሯ አዮዲን በብርቱ ካነሳት የፅንሱ አእምሮ በሚገባ አያድግም፣ ሕፃኑ መስማት የተሳነው ሆኖ እስከ መወለድም ይደርሳል። ለአዋቂ ሰው በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ማይክሮግራም ይበቃል። የዕድሜ ልክ ድርሻችን ተጠራቅሞ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም!

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከቀይ ባሕር ወደቦች ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ተቋረጠ፤ በምትኩ ከአፋር የሚመጣውና አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ለዓመታት ገበያውን ያዘ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ተደነገገ።

ታዲያ ደንቡ እስከ ሱቁ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእርስዎ እጅ ነው። ጨው ላይ የሚጨመረው ንጹሕ አዮዲን ሳይሆን ፖታሲየም አዮዴት የተባለ ጠንከር ያለ ውሕድ ነው። ይሁን እንጂ እርጥበት፣ ፀሐይና ሙቀት ሲፈራረቁበት እየተሰባበረ አዮዲኑ ይበናል። የእንጅባራ ክረምት ደግሞ እርጥበቱ የዋዛ አይደለም። ስለዚህ የታሸገና አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ይግዙ፤ ጨውን አይጠቡ፤ ከምድጃም ያርቁት። ጣሳ አይመችም፤ ጨውና እርጥበት ሲገናኙ ቆርቆሮውን ያዝጉታልና። ክዳኑ የሚገጥም ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ይሻላል።

ወጡንም ጨው የሚያደርጉበት ሊያወጡት ሲሉ ይሁን። አዮዲን ለመጨመር ብሎ ጨው ማብዛት ግን ለደም ግፊት ያጋልጣል። ለከብት የተገዛው ጨው አዮዲን ላይኖረው ስለሚችል ለብቻው ይቀመጥ፤ የቤቱ ጨው ባለቀ ቀን ወደ ድስቱ እንዳይገባ ለልጆችም ይንገሯቸው።