ውሃው በየት ወጣ? የልብስ ማድረቂያ ተረትና እውነታ

ክረምት ሲገባ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር የታጠበ ጋቢ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ገመድ ላይ ውሎ ማታ ሲዳሰስ ጫፉ ደርቆ መሀሉ እንደራሰ ይገኛል። አራት እጥፍ የጥጥ ሸማ በመሆኑ የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም። ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ሰው የሚይዛቸው ሦስት እምነቶች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚስቱት አንድ ጥያቄ ስለሚዘሉ ነው፦ ውሃው ከልብሱ ወጥቶ የት ይሄዳል? ይህን የጠየቀ ሰው አሮጌም ሆነ አዲስ ማሽን ፊቱ ቢቆም ምንነቱን ለመለየት አይቸገርም።

የመጀመሪያው እምነት «ማጠቢያችን ማድረቂያም አለው» የሚለው ነው። ሁለት ክዳን ያለው የተለመደው ማጠቢያ በአንድ ወገኑ ሰፊ ማጠቢያ፣ በሌላው ጠበብ ያለ ቀዳዳማ ቅርጫት አለው። ቅርጫቱ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ እየተሽከረከረ ውሃውን በቀዳዳዎቹ ያስፈነጥራል፤ የተጠራቀመውም በቱቦ ይፈሳል። ማሞቂያ የለውም፤ የጊዜ መቁጠሪያውም አብዛኛውን ጊዜ 5 ደቂቃ ላይ ያበቃል። ውሃው እንደ ውሃ ፈስሶ ከወጣ ማሽኑ ጨመቀ እንጂ አላደረቀም። «ታዲያ ሸሚዜ ከውስጡ ደርቆ ይወጣ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሸሚዙ ፖሊስተር ከሆነ አባባሉ ከእውነት አይርቅም፤ የፖሊስተር ክር ውሃ ወደ ውስጡ ስለማያስገባ ላዩ ላይ ያለው ከተራገፈለት የሚቀረው ጥቂት ነው። ጥጥ ግን ውሃውን ክሩ ውስጥ ይይዛል፤ ያንን የሚያስለቅቀው መትነን ብቻ ነው። ቢሆንም መጭመቂያው መናቅ የለበትም። 1 ሊትር ውሃ ለማትነን 0.65 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ያንኑ ውሃ አሽከርክሮ ማፍሰስ የሚፈጀው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው እምነት «ልብስ የሚያደርቀው ሙቀት ነው» ይላል። በዚህ የተነሳ እርጥብ ልብስ ማድቤት ገብቶ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። ሙቀት ማገዙ አይካድም፦ 1 ሜትር ኩብ አየር በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 13 ግራም ያህል፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 23 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል። ነገር ግን ተኑን የተሸከመው አየር መውጫ ካጣ ቤቱ ይታፈናል፤ ልብሱም እንደራሰ ይቆያል። በዚያ ላይ ጭሱ ነጩን ጋቢ ያጠቁረዋል። የበጋ ፀሐይ በግማሽ ቀን ታደርቀው የለም ወይ ቢባል፣ በበጋ የምትሠራው ፀሐይ ብቻዋን አይደለችም፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም ተኑን እየወሰደ ለሌላው ቦታ ይለቃል። ክረምት ላይ የሚጎድለው ከሙቀቱ ይልቅ ይህ ደረቅ አየር ነው። ስለዚህ ጋቢውን በአንድ ገመድ ላይ አጥፎ ስምንት እጥፍ ከማድረግ፣ ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ ሥር በሁለት ገመድ ላይ ዘርግቶ አየር በመሀሉ እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል።

ሦስተኛው እምነት «ከውጭ የመጣ አሮጌ ማድረቂያ ትራንስፎርመር ከተገኘለት ይሠራል» የሚለው ነው። የእውነተኛው ማድረቂያ ታሪክ ረጅም ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ልብስን ከምድጃ አጠገብ የሚያንጠለጥል ማዕቀፍ ነበር። በ1938 ደግሞ የሃሚልተን ኩባንያ ሮስ ሙር የነደፈውን ተሽከርካሪ በርሜል ያለው ማድረቂያ ለገበያ አቀረበ። የዚህ ዘር የሆነ ማሽን ከመጭመቂያው በመልኩም ይለያል፦ ሰፊ አግድም በርሜል፣ የጨርቅ ብናኝ የሚይዝ ወንፊት፣ ከኋላው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአየር መውጫ አለው። መውጫው ከሌለና በምትኩ ውሃ የሚጠራቀምበት ሳጥን ካለው፣ ተኑን መልሶ ወደ ውሃ የሚቀይር ዓይነት ነው። ትራንስፎርመሩን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ 5,000 ዋት ያህል ሲስብ 10 አምፔር የሚችል መስመር በ220 ቮልት የሚሸከመው 2,200 ዋት ብቻ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢለውጥም በሴኮንድ 60 የነበረውን የሞገድ ብዛት (ሄርትዝ) ከእኛው 50 ጋር አያስማማውም፤ ሞተሩ በስድስት አንድ እጅ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል። ለአውሮፓ የተሠራው በቮልቱም በሞገዱም ይስማማል፤ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 ዋት በላይ ይስባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተጣደበት መስመር ጋር ደርቦ መሰካት አደጋ ነው።

አሮጌ ማሽን የቀረበለት ሰው ከሻጩ ቃል በፊት ከጀርባው የተለጠፈችውን ሰሌዳ ያንብብ፦ ቮልት፣ ሄርትዝ፣ ዋት። ሦስቱ ከቤቱ መስመር ካልተስማሙ አይግዛ። ለምዕራብ ጎጃም ክረምት በማሽን መጭመቅና በነፋስ ማድረቅ ይበቃል።