ለምታስታምመውም ዕረፍት ይገባታል

በቅዳሜ ሹር፥ ካህናቱ ያደሉት ቄጤማ ከልጆቹ ራስ ገና ሳይወርድ፥ ወደ ማታ ላይ በአንድ በምናውቀው ቤት ስልክ ጮኸ። የቤቲቱ እመቤት ነርስ ናት። የስቅለትን ሌሊት በሥራ አድራ፥ ጠዋት ተመልሳ፥ ጥቂት አሸልባ፥ የፋሲካውን ዶሮ ወጥ ጀምራ ነበር። የሰማችው ቃል አጭር ነበር፤ «ተረኛዋ ቀርታለችና አሁኑኑ ድረሺ» የሚል ነው። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ወጡ በጎረቤት እጅ አለቀ፤ ልጆቿም ከቅዳሴ መልስ ጾማቸውን ያለ እናት ገደፉ።

እንዲህ ያለው ጥሪ አልፎ አልፎ ቢደርስ ኖሮ ባልጻፍንበት ነበር። ሕመም ቀጠሮ የለውም፤ ድንገተኛ አደጋ በደረሰ ጊዜም እንኳን ነርስ፥ ጎረቤትም ሳይጠራ ይሮጣል። ነገር ግን የሠራተኛን ማነስ በየሳምንቱ በአንዲት ሴት ዕረፍት መሙላት ልማድ እንጂ አደጋ አይደለም። ልማዱም እምቢ ያለችውን «ለበሽተኛ የማትራራ» በሚያሰኝ ነቀፌታ የታጠረ ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ዝም ብለው ይሸከሙታል።

እኛ ግን ይህ ለበሽተኛውም ርኅራኄ አይደለም እንላለን። በአሜሪካ አገር በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የ393 ነርሶችን የሥራ ውሎ መርምሮ፥ ለ12 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ በሠሩበት ተራ ስሕተት የማድረጋቸው ዕድል ሦስት እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። መድኃኒት የምትለካው እጅ ስትዝል፥ ጉዳቱ የሚያርፈው አልጋ ላይ በተኛው ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ነርሶች ባወጣው ምክረ ሐሳብ፥ የግልና የቤተሰብ ኑሯቸውን ያሰናዱ ዘንድ የሥራ ሰሌዳቸው በቂ ጊዜ አስቀድሞ እንዲነገራቸው፥ ከሰሌዳው መውጣትም በልዩ አስቸኳይ ጊዜ ብቻ እንዲፈቀድ፥ በሁለት ተራ መካከልም ቢያንስ የ12 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር መክሯል። በአገራችን በግል ሐኪም ቤት ለተቀጠሩት የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ፥ ሳይቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት ትርፍ ሰዓት ማሠራትን ቢፈቅድም፥ በቀን ከ4 ሰዓት፥ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በሕዝብ በዓል ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓትም የመደበኛው ክፍያ ሁለት እጥፍ ተኩል እንዲከፈል ያዛል። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ድካሙ ግን አንድ ነው።

ጌታችን በወንጌል ያስተማረውን የደጉን ሳምራዊ ነገር እናስታውስ። ሳምራዊው ቁስለኛውን ለእንግዶች ማደሪያ ጠባቂ አደራ ሲሰጥ፥ ሁለት ዲናር አስቀድሞ ከፈለ፤ ከዚያ በላይ ለሚወጣውም በመመለሻው እንደሚከፍል ቃል ገባ። የጠባቂውን ደግነት አመካኝቶ ትርፉን ሸክም በነጻ አልጫነበትም። አስታማሚውን ያልበደለ ርኅራኄ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ሐኪም ቤት የምታስተዳድሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ በድንገት የሚጠሩትን በየተራ መድባችሁ አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ ሁልጊዜ እሺ የምትለዋን ብቻ አትጥሩ፤ የወሰዳችሁትን ዕረፍት መልሱ፥ ዋጋውንም ክፈሉ። ነርስ በቤታችሁ ያለች ባሎችና ዘመዶችም፥ ስልኩ በጮኸ ጊዜ ኩርፊያን ትታችሁ ድስቱን ተረከቡ፤ ጠዋት ስትመለስም ልጆቹን ዝም አሰኝታችሁ ታንቀላፋ ዘንድ ተዉአት።

ፈጣሪያችን የዕረፍትን ቀን ሲሠራ ለጌታው ብቻ አልሠራም፤ ለሎሌውና ለገረዲቱም፥ ቀንበር ለሚሸከመው በሬም ጭምር አዝዟል። ሌሊቱን በበሽተኛ ራስጌ ቆማ የምታነጋው እኅታችን ከዚህ ትእዛዝ ውጭ ልትሆን አይገባም።