ከመጀመሪያ ዲግሪ የሚጀምር ምርምር

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ምርምር ተማሪው በመምህር አማካሪነት፣ መልሱ ገና ያልተገኘለትን ጥያቄ ይዞ የሚያካሂደው ጥናት ነው። ከተለመደው የቤተ ሙከራ ልምምድ የሚለየውም በዚህ ነው፤ በልምምዱ ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል፣ በምርምር ግን መምህሩም መልሱን ገና አላገኘውም።

አሠራሩን በተቋም ደረጃ ቀድመው ካደራጁት አንዱ የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በማርጋሬት ማክቪካር የተመሠረተው የተቋሙ መርሐ ግብር ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር በምርምር ያሠራል። ተሳታፊው ክሬዲት ወይም ክፍያ ያገኛል፤ በበጎ ፈቃድም መሥራት ይችላል። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰሜን ካሮላይና፣ አሽቪል ከተማ፣ ከልዩ ልዩ የትምህርት መስኮች የተውጣጡ ተማሪዎች ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ብሔራዊ ጉባኤ ተጀመረ።

የምርምሩ መልክ እንደየመስኩ ይለያያል። የኬሚስትሪ ተማሪ ናሙና ይመረምራል፤ የታሪክ ተማሪ የቆዩ ሰነዶችን ያገላብጣል፤ የሶሺዮሎጂ ተማሪ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ሰዎችን ያነጋግራል። የአማካሪው ድርሻ ግን በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው፦ ሰፊውን ርእስ በጊዜና በአቅም ልክ ማጥበብ፣ ተስማሚውን የጥናት ዘዴ ማስመረጥ፣ ረቂቁን አንብቦ ማረም።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ዓይነቱ ምርምር ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በብዙ የትምህርት ክፍሎች ተመራቂው በአማካሪ እየተመራ ያዘጋጀውን ጥናት በፈታኞች ፊት ያቀርባል። ሥራው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ዓመት ስለሚከናወን ጊዜው አጭር ነው፤ አንድ መምህር ብዙ ተማሪዎችን ሲያማክርም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ክትትል ይሳሳል።