ማንበብ አስጠልቷችኋል?

ባለፈው ክረምት የጎንደር ዝናብ ሲወርድ መጽሐፍ ገልጬ ሁለት ገጽ መዝለቅ አቃተኝ። ወዳጆቼ "ዶክተር፣ አንብበህ አስተያየት ጻፍልን" እያሉ መጽሐፍ ስለሚሰጡኝ፣ ማንበቤን ትቼ የምጽፈውን መፈለግ ጀምሬ ነበር።

ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ጥናት፣ መሳል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ከሳሉ በኋላ በራሳቸው ፍላጎት መሳላቸው ቀንሶ ታይቷል። የምንወደው ነገር ግዴታ ሲሆንም እንዲሁ ነው።

ምን ይደረግ?
✔ ድሮ የወደዳችሁትን ድገሙ። እኔ ያለ እስክሪብቶ ወደ "ፍቅር እስከ መቃብር" ተመለስኩ፤ ሳላስበው መሸ።
✔ ካልጣማችሁ ተዉት።
✔ ለጊዜው "አልጽፍም" በሉ።

ልብ በሉ፦ ንባብ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባባችሁና ሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም አማክሩ።