የወንዝ ዳርና የሚጠጣ ውኃ

ውኃ ለሰው ሁሉ የተሰጠ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ንጹሕ ሆኖ እንዲጠጣ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰዎች ውኃን መጠበቅ ማለት ምንጩንና እንስራውን ማጽዳት ብቻ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም፤ ውኃ አስቀድሞ የሚጠበቀው በወንዙ ዳር ባለው መሬት ነው።

በወንዝ ዳር ሾላና ቄጠማ፥ ቍጥቋጦና ሣር በበቀሉ ጊዜ ሥራቸው አፈሩን አጥብቆ ይይዘዋል። ዝናም ሲዘንም ከእርሻና ከበረት የሚወርደው ጐርፍ በሣሩ መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውንም አፈርና እበት በዚያ ይጥላል። ወደ ወንዙ የሚደርሰው እንግዲህ የጠራ ይሆናል። ገበሬው ግን ጥቂት እህል ለመጨመር ብሎ እስከ ወንዙ አፋፍ ያረሰ እንደ ሆነ፥ ወይም ከብቶቹን ወደ ውኃው የለቀቀ እንደ ሆነ፥ ዳሩ ይናዳል፤ ውኃውም ይደፈርሳል፤ ከእበቱ ጋራ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይገባሉ። በታች ያለው ሰው፥ ይልቁንም ሕፃን ልጅ፥ ያን ጠጥቶ በተቅማጥ ይታመማል። በላይ ያለው ያጠፋውን በታች ያለው ይከፍላል።

ይህን የሚያስረዳ ነገር በአሜሪካ ተደርጓል። የኒው ዮርክ ከተማ ከሚጠጣው ውኃ የሚበዛው ካትስኪል ከሚባሉት ተራሮችና ከአካባቢያቸው ይመጣል፤ የሩቁም 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1907 እስከ 1915 ዓመት አሾካን የተባለው የውኃ ማከማቻ ሲሠራ መንደሮች ከቦታቸው ተነሡ፤ የሙታን ዐፅም እንኳ ከመቃብር ወጥቶ ተዛወረ። የተራራው ሰዎችም ይህን አልረሱም። ስለዚህ በ1990 ከተማው ስለ ውኃው ንጽሕና ጥብቅ ደንብ ሊያወጣ ባሰበ ጊዜ፥ ገበሬዎቹ እርሻችን ሊጠፋብን ነው ብለው ተቃወሙ።

ነገሩ ግን በኀይል አልተፈጸመም፤ ብዙ ተመካክረው በ1997 ተስማሙ። ከተማው የወንዝ ዳርንና የደንን መሬት ሊሸጥ ከወደደ ሰው ብቻ በተገቢው ዋጋ ይገዛል፤ ግብሩንም ይከፍላል። ገበሬውም በወንዙ ዳር አጥር እንዲያጥር፥ ለከብቶቹ ሌላ ማጠጫ እንዲያበጅ፥ ዛፍም እንዲተክል በገንዘብ ይረዳል። ታላቅ የማጣሪያ ቤት ቢሠራ ኖሮ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ በወጣ ነበር። ዛሬም ከእነዚህ ተራሮች የሚመጣው ውኃ በማጣሪያ ቤት ሳያልፍ፥ ተሐዋስያንን የሚገድል መድኃኒትና ብርሃን ተደርጎበት፥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለበት ከተማ ይደርሳል።

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ይባላል። በወንዝ ዳር የሚያርስ ሰው ጥቂት እርምጃ መሬት ሳያርስ ቢተው፥ ያ መሬት በከንቱ ቀረ አይባልም፤ የማያውቀውን ሰው ልጅ ከበሽታ ይጠብቃልና። በታች ያለውም የሚጠጣው ውኃ የሌላ ሰው ድካም እንዳለበት ዐውቆ የጠባቂውን ዋጋ ሊከፍል ይገባዋል። ንጹሕ ውኃ የሚገኘው የላይኛውና የታችኛው ሲተሳሰቡ ነው።