ከየት እስከ የት? በመዝናኛ ሰፈር የቤቶች ክፍተት ደንብ ውስጥ የሚገኙ የሙያ ቃላት አተረጓጎም

የሙያ ቃላት ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ለአንድ የውጭ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ በማግኘት ነው። ይህ አሠራር ለብዙ የትምህርት ዘርፎች ሊበቃ ይችላል፤ ለደኅንነት ደንቦች ግን አይበቃም። በደኅንነት ደንብ ውስጥ ቃሉ ነገሩን ከመሰየም አልፎ የነገሩን ዳር ይወስናል። ዳሩ ካልታወቀ ደግሞ ደንቡ የሚያዘው ቁጥር መነሻና መድረሻ ያጣል። «በሁለት ቤቶች መካከል 5 ሜትር ይሁን» የሚል ዓረፍተ ነገር ለመተርጐም የሚያስቸግር አይመስልም። ነገር ግን ቤት የተባለው ግድግዳው ነው? የጣሪያው ጠርዝ ነው? ወይስ በረንዳው? ተርጓሚው ይህን ሳይለይ ቢያልፍ፣ ሜትሩ ትክክል ሆኖ ሳለ እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ ክፍት ሊቀር ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ለማብራራት እንሞክራለን። ምሳሌያችን የብሪታንያ የካራቫን ሰፈሮች ሕግና ደንብ ነው። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የካራቫን ሰፈሮችና የልማት ቁጥጥር ሕግ፣ ሰፈሩን የሚያስተዳድረው ሰው ከአካባቢው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ በዚሁ ሕግ መሠረት ለዕረፍት ጊዜ ካራቫን ሰፈሮች የሚያገለግል ሞዴል ደረጃ ወጥቷል። ይህን ምሳሌ የመረጥንበት ምክንያት ደንቡ አጭር ሆኖ በልክ የተሞላ ስለሆነ፣ የሚናገርላቸው ነገሮችም በአማርኛ የረጋ ስም የሌላቸው በመሆናቸው ነው።

፩. ነገሩን መሰየም

መጀመሪያ የሚያጋጥመን «ካራቫን» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ቃሉ ከፋርስኛ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሲገባ በጕዞ ላይ ያለ የነጋዴ ጓዝ ማለት ነበር። ለዚህ ፍች አማርኛ «ሲራራ» እና «ቅፍለት» የሚሉ ቃላት አሉት። በደንቡ ውስጥ ያለው ካራቫን ግን ሰው የሚያድርበት ነገር በመሆኑ፣ በመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍች ብቻ አይቶ «ቅፍለት» ብሎ የሚተረጕም ሰው ይስታል።

ቃሉ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሌላ ፍችም አለው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ወደ እስራኤል ከገቡት ከ14,000 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ በካራቫን ሰፈሮች ኖረዋል። በእነርሱ አማርኛ «ካራቫን» ማለት መንግሥት በጊዜያዊነት የሰጠው መጠለያ እንጂ ለዕረፍት የሚሄዱበት ቤት አይደለም። እንግዲህ አንዱ ውሰት ቃል እንደየአገሩ የተለያየ ነገር እየጠራ ስለ ሆነ፣ ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ቢወስደው እንኳ ፍቺውን መጻፍ ግድ ይሆንበታል።

የ1960ው ሕግ ፍቺውን የሰጠው በሁለት መለኪያ ነው። አንደኛው፣ ነገሩ ለሰው መኖሪያ የተነደፈ ወይም የተዘጋጀ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ተጎትቶ ወይም በተሽከርካሪ ተጭኖ ከቦታ ወደ ቦታ ሊወሰድ መቻሉ ነው። ለመኖሪያ የተዘጋጀ የሞተር ተሽከርካሪም በዚሁ ይጠቃለላል። ድንኳን ግን ከፍቺው ውጭ ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሌላ ሕግ፣ ከሁለት ያልበለጡ ለየብቻ የተሠሩ ክፍሎች በቦታው ላይ ተጋጥመው የሚያስገኙትን ቤት ጨምሮበታል። እንዲህ ያለው ቤት ከተጋጠመ በኋላ በሕጋዊ መንገድ በአውራ ጎዳና ላይ ሊሄድ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ካራቫን መባሉ አይቀርም።

ከዚህ ፍቺ ሲነሡ በተለምዶ የሚቀርቡት አቻዎች ጕድለታቸው ይታያል። «ተሳቢ» የሚለው፣ ሾፌሮቻችን ከከባድ መኪና ኋላ ለሚቀጠለው የሚሰጡት ስም፣ በራሱ ሞተር የሚሄደውን አያካትትም። «ተሽከርካሪ ቤት» ደግሞ ጎማው የተነሣለትን ያስቀራል። እኛ የምናቀርበው «ተንቀሳቃሽ ቤት» የሚለውን ነው። በሕግ አማርኛ «የሚንቀሳቀስ ንብረት» የሚባለው ከቦታው ሊነሣ የሚችለው ሁሉ ነው፤ ጠረጴዛ በራሱ ባይሄድም የሚንቀሳቀስ ንብረት ነው። ሕጉ የጠየቀውም መንቀሳቀስን ሳይሆን ለመንቀሳቀስ መቻልን ስለሆነ ስያሜው ይገጥማል።

«ጎጆ» የሚለውን ቃል ለዚህ ነገር መስጠት ግን አይመከርም። ጎጆ መውጣት በቋንቋችን ተተክሎ መኖርን ያመለክታል። በአሜሪካ መልኩ ፍጹም የጎጆ የሆነ፣ በሻንሲ ላይ የተሠራና ስፋቱ ከ400 ካሬ ጫማ (37 ካሬ ሜትር ገደማ) የማይበልጥ የመዝናኛ ፓርክ ቤት አለ። መልኩ ጎጆ ይሁን እንጂ የሚሠራበት ደረጃ የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች ነው። ተርጓሚው በዓይኑ አይቶ «ጎጆ» ካለው አንባቢውን ወደ ሌላ የደንብ ክፍል ይመራዋል። ስለዚህ «የመዝናኛ ጎጆ» የሚለው ስም በመሬት ላይ ለተተከለው ብቻ ቢቀር መልካም ነው።

ለቦታው «ካምፕ» ከማለት ይልቅ «የመዝናኛ ሰፈር» እንላለን። «ካምፕ» በአማርኛ ወታደርንና ስደተኛን ያስታውሳል። «ሰፈረ» የሚለው ግስ ግን ድንኳን ተክሎ ማረፍን ስለሚይዝ፣ «ሰፈር» ዛሬ የከተማ መንደር ስም ቢሆንም የጥንት ፍቺው ለዚህ ይመቻል።

፪. ርቀትና ክፍተት

«ርቀት» እና «ክፍተት» በብዙ ትርጕሞች ውስጥ እየተለዋወጡ ይገባሉ። በደንብ ቋንቋ ግን ሊለዩ ይገባል። ርቀት በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ልክ ብቻ ይናገራል፤ በመካከላቸው ስላለው ነገር ዝም ይላል። ክፍተት ግን መካከሉ ባዶ እንዲሆን ያዛል። የ1989ኙ ደረጃ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። መኪና በሁለት ተንቀሳቃሽ ቤቶች መካከል ሊቆም የሚችለው 3 ሜትር ክፍት ቦታ ሲቀር ብቻ ነው። ከቤቶቹ ሥርና በመካከላቸው የሚነድ ነገር ማከማቸት አይፈቀድም። የመኪና ዳስ በክፍተቱ ውስጥ በምንም ሁኔታ አይሠራም። «ርቀቱ 5 ሜትር ይሁን» ብለን ብንተረጕም፣ ደንቡን የሚያነበው ሰው ማገዶውን በመካከል ቢከምር ትእዛዙን እንደ ጠበቀ ሊቈጥር ይችላል።

«ርቀት» ለሌላ ጉዳይ ያስፈልገናል፤ ይኸውም ሰፈሩ በሙሉ ከውጭ አደጋ ለሚኖረው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1978 በስፔን ሎስ አልፋኬስ በተባለው የመዝናኛ ሰፈር አጠገብ በሚያልፈው መንገድ ላይ ፕሮፒሊን የጫነ ቦቴ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለውን አደጋ በቤቶች መካከል ያለው ክፍተት አይመልሰውም። ሁለቱ አሳቦች በአንድ ቃል ከተጠሩ አንዱ የሌላውን ሥራ የሠራ ይመስላል።

፫. የልኩ መነሻ

የደንቡ ዋና ቁጥሮች የሚከተሉት ናቸው። ውጫቸው በአሉሚኒየም ወይም በእሳት ጊዜ ተመሳሳይ ጠባይ ባለው ነገር የተሠሩ ቤቶች መካከል ቢያንስ 5 ሜትር፣ በማእዘኖቻቸው በኩል 3.5 ሜትር ይሁን ይላል። ውጫቸው ከጣሊያንኛ በወረስነው ስም «ኮምፔንሳቶ» በምንለው እንጨት የተሠራ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱ ዓይነቶች በአንድነት ካሉ፣ 6 ሜትር ይሆናል። ከሰፈሩ ወሰን ወደ ውስጥ 3 ሜትር ባዶ ይቀራል።

የልኩ መነሻ የቤቱ የውጭ ልባስ ነው። ይህን «ከቤቱ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ከልባሱ ውጭ የሚቀሩት ክፍሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድንጋጌ አላቸው። የጣሪያ ጠርዝ፣ አሸንዳና ወደ ውጭ የወጣ መስኮት ወደ ክፍተቱ ሊገቡ ይችላሉ፤ ነገር ግን በሁለቱ ቤቶች የመጨረሻ ጫፎች መካከል 4.5 ሜትር መቅረት አለበት። ክፍት በረንዳ 1 ሜትር ሊገባ ይችላል። ከቤቱ ጋር የሚያያዝ የሸራ መጠለያ ከጎረቤቱ ቤት ቢያንስ 3 ሜትር ይርቃል፤ የሁለት ቤቶች የሸራ መጠለያዎች ሊነካኩም ፊት ለፊት ሊተያዩም አይገባም።

እዚህ ላይ አማርኛ ድኻ አይደለም። የሸራውን መጠለያ «ዳስ» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በልማዳችን ዳስ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ለሠርግም ለኀዘንም የሚታደርበት ነው፤ ደንቡ ደግሞ መኝታ ያለውን የሸራ መጠለያ ይከለክላል። ስለዚህ «የሸራ ታዛ» ይሻላል። ታዛ ከቤት ጋር የተያያዘና ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ሲሆን፣ ሰው ጥቂት የሚያርፍበት እንጂ አልጋ የሚዘረጋበት አይደለም። በረንዳም በግድግዳ ቢዘጋ በአማርኛችን በረንዳነቱ ቀርቶ ክፍል ይባላል። ደንቡም የተዘጋውን የቤቱ አካል አድርጎ ሊቈጥረው ስለሚችል፣ የቋንቋው ልማድና የደንቡ አሳብ ይገናኛሉ።

፬. እሳትን የሚመለከቱ ቃላት

እሳት ከቤት ወደ ቤት የሚሻገርባቸው ሦስት መንገዶች በአማርኛ ቀድሞውኑ ስም አላቸው። ነበልባል በቀጥታ በመንካት፣ ወላፈን ሳይነካ በሙቀቱ፣ ፍንጣሪ በነፋስ እየተወሰደ ያቀጣጥላል። «የሙቀት ጨረራ» የሚለው የፊዚክስ ስም ለመማሪያ መጽሐፍ ይጠቅማል። ለሰፈር ደንብ ግን «ወላፈን» የሚለውን ማንም ይረዳዋል። ክፍተቱ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያትም በዚሁ ቃል ይብራራል፤ ወላፈን ከርቀት ጋር ኀይሉን ያጣል። ማእዘን ለማእዘን የተያዩ ቤቶች በጎናቸው ሙሉ ስለማይተያዩ በዚያ በኩል አነስተኛ ክፍተት መፈቀዱም በዚህ ይገባናል።

«ተቀጣጣይ» የሚለው ቃል ሁለት አሳቦችን በአንድነት ሲሸከም ይታያል። ቤንዚን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ተቀጣጣይ ነው። ወፍራም ሳንቃ ግን ቶሎ አይያዝም፤ ከተያዘ በኋላ ይነዳል። ደንቡ በቤቶች መካከል የዕቃ ማስቀመጫ የሚፈቅደው ጣሪያው ጭምር ከማይነድ ነገር ሲሠራ ነው። «ተቀጣጣይ ካልሆነ ነገር» ብንል፣ ሳንቃው የተፈቀደ ይመስላል። በመሆኑም «የሚነድ» እና «ተቀጣጣይ» ተለይተው ቢያዙ እንመርጣለን።

የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ የሚቀመጥበትን ቦታ የእንግሊዝኛው ስም ቃል በቃል ሲተረጐም «የእሳት ነጥብ» ይሆናል። አማርኛ አንባቢ ይህን እሳት የሚነድበት ስፍራ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ማንኛውም ቤት ከዚህ ቦታ ከ30 ሜትር በላይ መራቅ የለበትምና፣ በችግር ጊዜ ምልክቱን የሚያነበው ሰው ለማሰላሰል ጊዜ የለውም። «የእሳት ማጥፊያ ጣቢያ» ቢባል ግልጽ ነው።

«ጋዝ» በራሱ አሻሚ ነው። «ነጭ ጋዝ» የምንለው በመብራትና በምድጃ የሚነደው ፈሳሽ ሲሆን፣ «ቡታጋዝ» አንዳንዴ ምድጃውን አንዳንዴ የሚነደውን ነገር ይጠራል። በተንቀሳቃሽ ቤት የሚገኘው በሲሊንደር የታመቀ ፕሮፔን ወይም ቡቴን ነው። እነዚህ ሁለቱም ከአየር ይከብዳሉ፤ ካፈተለኩ ወደ ወለል ወርደው ይጠራቀማሉ። ለዚህ ሲባል በቤቱ ወለል አካባቢ ክፍት ቦታ ይተዋል። ይህን «ቀዳዳ» ብሎ መተርጐም አደገኛ ነው። ቀዳዳ በአማርኛ ጕድለት ነው፤ ብርድ ሲገባበት ሰው በጨርቅ ይወትፈዋል። «መተንፈሻ» ብንለው ግን ሥራውን ስሙ ይናገራል። የሚነደው ነገር በቂ አየር ሲያጣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም ስለሌለው፣ በዚህ ቦታ የአንድ ቃል ምርጫ የሰውን ሕይወት ይነካል።

፭. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ካቀረብነው ተነሥተን ለመዝገበ ቃላት የምናቀርባቸው ፍቺዎች የሚከተሉት ናቸው።

ተንቀሳቃሽ ቤት፦ ለሰው መኖሪያ የተዘጋጀ፣ ተጎትቶ፣ ተጭኖ ወይም በራሱ ሞተር ከቦታ ወደ ቦታ ሊወሰድ የሚችል፤ ድንኳንን አይጨምርም።

ክፍተት፦ በሁለት ቤቶች የውጭ ልባስ መካከል ያለ፣ ደንቡ በስም ከፈቀደው በቀር ባዶ ሆኖ የሚጠበቅ ስፍራ።

የውጭ ልባስ፦ የቤቱን ግድግዳ ከውጭ የሚሸፍን፣ ልክ የሚነሣበት ገጽ፤ የጣሪያ ጠርዝን፣ አሸንዳንና በረንዳን አይጨምርም።

የሸራ ታዛ፦ ከተንቀሳቃሽ ቤት ጋር የሚያያዝ፣ የማይታደርበት የሸራ መጠለያ።

የሚነድ፦ ቶሎም ይያዝ ዘግይቶ፣ እሳት ሲያገኘው የሚቃጠል፤ ተቀጣጣይ፦ በቀላሉና ፈጥኖ እሳት የሚይዝ።

መተንፈሻ፦ አየር እንዲገባና ያፈተለከ ጋዝ እንዲወጣ ሆን ተብሎ የተተወ፣ መዘጋት የሌለበት ክፍት ቦታ።

ተርጓሚው ለማንኛውም የደኅንነት ደንብ ከእነዚህ ስያሜዎች ይልቅ አሠራሩን ቢወስድ ደስ ይለናል። ቁጥር ባለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ቁጥሩን ከመጻፉ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ያንሣ፦ ልኩ ከየት ይነሣል? የት ያበቃል? በመካከሉስ ምን ሊኖር ይችላል? የመረጠው የአማርኛ ቃል ለሦስቱም የማያሻማ መልስ ከሰጠ አቻው ተገኝቷል። መልስ ካልሰጠ ግን ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ገና አልተተረጐመም።