ከሻዩ ይልቅ ስብሰባው

የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የአሜሪካን አብዮት ሲያነሡ የቦስተኑን ሻይ ያስቀድማሉ፤ እኔ ግን ወደ ማሳቹሴትስ፣ ወደ ዎርስተር ከተማ ገበሬዎች እወስዳቸዋለሁ።

ብሪታንያ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችው ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1763 ሲያበቃ ከባድ ዕዳ ጥሎባት ነበር። ስለዚህ በ1765 በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ጋዜጣና ውል ላይ ሳይቀር የቴምብር ቀረጥ ጣለች። ነዋሪዎቹ ግን በለንደን ፓርላማ አንድም ተወካይ አልነበራቸውም። ተቃውሞው ሲበረታ ሕጉ በዓመቱ ተሻረ፤ ሆኖም ፓርላማው በማናቸውም ጉዳይ ሕግ ሊያወጣባቸው እንደሚችል በዚያው ቀን ደነገገ።

በ1773 መጨረሻ ቦስተን ላይ የሻይ ቀረጥን የተቃወሙ ሰዎች 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉ። የለንደን ቅጣት ወደቡን በመዝጋት አላበቃም፤ የማሳቹሴትስ ከተሞች ከዓመታዊው ጉባኤ በቀር ያለ ገዢው ፈቃድ እንዳይሰበሰቡ፣ ዳኞችንም ገዢው እንዲሾም ተደረገ። ገበሬው መንገዱንም ትምህርት ቤቱንም የሚመክርበት ስብሰባ ሲነካ አልታገሠም። በሴፕቴምበር 1774 ዎርስተር ላይ ከ4 ሺህ በላይ ሚሊሻ ተሰልፎ ፍርድ ቤቱን ዘጋ። ዳኞቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሰልፉ መካከል እያለፉ በአዲሱ ሕግ እንደማይሠሩ ደጋግመው አነበቡ። የአብዮቱ ጦርነት የጀመረበት የሌክሲንግተን ተኩስ የተሰማው ከሰባት ወር በኋላ ነው።

ሕዝብ ግብር ሲበዛበት ያጉረመርማል፤ ስለ ራሱ የሚመክርበትን ሸንጎ ሲነጠቅ ግን ይነሣል።